ሦስቱ የልጅነት ስሞች በኪነ ጥበብና በሕግ

ስለ ሕፃናት የሚወጣ ማንኛውም ሕግ ከአንቀጾቹ በፊት አንድ ሥዕል አለው። ሕግ አውጪው «ልጅ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ፣ ዐውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ አስቀድሞ መልስ ሰጥቷል። ልጅ የቤተሰቡ ሀብት ነው ብሎ ያመነ የቤተሰቡን ሥልጣን ያጠናክራል፤ ገና ያልተሠራ ሰው ነው ብሎ ያመነ የሚቀረጽበትን ተቋም ያቆምለታል፤ ዛሬውኑ ሙሉ ሰው ነው ብሎ ያመነ ደግሞ ቃሉን ይሰማል። ይህ ሥዕል ግን ከሕግ አውጪው አእምሮ ብቻ የፈለቀ አይደለም። ከእርሱ በፊት ምሳሌያዊ አነጋገሩ፣ ተረቱ፣ ልብ ወለዱ፣ መድረኩና የቴሌቪዥኑ መስኮት ሥለውታል። ስለሆነም የልጅነትን ሥዕል መመርመር ለሕግ ባለሙያ ብቻ የሚተው ሥራ ሳይሆን የኪነ ጥበብ ሂስም ተግባር ነው።

በአማርኛ ቋንቋ ይህ ሥዕል በሦስት ስሞች ተጽፎ ይገኛል። ሕዝቡ በዕለት ተዕለት ንግግሩ «ልጅ» ይላል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ «አካለ መጠን ያላደረሰ» የሚለውን ስም አጸና። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 36 «ሕፃን» ብሎ መብቶቹን ዘረዘረ። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ፍጡር ይመስላል። ሆኖም እያንዳንዱ ስም የራሱን ግንኙነት፣ የራሱን ሥልጣንና የራሱን ዕጣ ይዞ ይመጣል። ከብት የሚጠብቅ የ12 ዓመት እረኛ፣ በከተማ ቤት የምታገለግል የ13 ዓመት ልጃገረድ፣ በችሎት ፊት የቆመ የ16 ዓመት ጎረምሳ፣ ኑሯቸው የሚወሰነው በአብዛኛው ሌሎች በየትኛው ስም እንደሚጠሯቸው ነው።

«ልጅ»

«ልጅ» የሚለው ቃል ዕድሜን ከመግለጹ በፊት ዝምድናን ይገልጻል። ሽበት የወረሰው ሰው እንኳ «የእገሌ ልጅ» መባሉ አይቀርም፤ ለመኳንንት ተወላጆች ማዕርግ ሆኖ ያገለገለውም ይኸው ቃል ነው። እንግዲህ በዚህ ስም ልጅ መሆን ማለት የአንድ ሰው፣ የአንድ ቤት፣ የአንድ ወገን መሆን ማለት ነው።

ይህ ሥዕል በበጎ ጎኑ ሲታይ ታላቅ ኃይል አለው። ከኦሮሞ ሕዝብ ባህል ተነሥቶ የአገሪቱ ሕግ መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰው ጉዲፈቻ፣ ከሌላ የተወለደውን ልጅ እንደ አብራክ ክፋይ ቆጥሮ የስምና የውርስ ባለመብት ያደርገዋል። ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ የሚያበላው፣ መንገደኛም የማያውቀውን ልጅ «ተው» ብሎ የሚገሥጸው ልጅ የወገን ነው ከሚል እምነት ተነሥቶ ነው። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በአዋጅ ሲቀር፣ ልጅ በአገሩና በባህሉ ውስጥ ማደግ አለበት የሚለው አስተሳሰብ ጎልቶ መሰማቱም የዚህ ሥዕል ኃይል እንዳልደከመ ያሳያል።

ነገር ግን የወገን የሆነ ልጅ በወገን እጅ ያለ ልጅ ነው። ይህን ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በላይ ያሳየ የአማርኛ ድርሰት ማግኘት ያዳግታል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው የፍቅርና የመደብ ታሪክ ሆኖ ነው፤ ንባቡም ትክክል ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ጥያቄ ይጓዛል፤ ይኸውም ወላጅ በልጁ ሕይወት ላይ ያለው ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው የሚለው ነው። በዛብህ ወላጆቹ ቦጋለና ውድነሽ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የሰጡት ልጅ ነው። ስለቱን የተሳሉት በጭካኔ ሳይሆን በፍቅርና በእምነት ነው። የድርሰቱ ጥልቀትም እዚህ ላይ ይገኛል። ደራሲው የልጁን ዕጣ የሚነጥቅ ክፉ ሰው አላቆመም፤ ዕጣውን የወሰኑለት ከማንም በላይ የሚወዱት ሰዎች ናቸው። በዛብህ አድጎ የገዛ ልቡን ማዳመጥ ሲጀምር የሚያገኘው ሌሎች በስሙ የገቡትን ቃል ኪዳን ነው።

ሰብለ ወንጌልም በሌላ ደረጃ የዚሁ ዕጣ ተካፋይ ናት። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ በመሆኗ፣ ሊያገቧት የሚጠይቁ ሁሉ ዘራቸው እየተመዘነ ሲመለሱ የእርሷን ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ገበሬው ልጁን በስለት፣ ባላባቱ ልጁን በክብር ስም ይዟል። መደባቸው የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቅም ስለ ልጅ ያላቸው ሥዕል አንድ ነው። ጉዱ ካሣ ከዘመዶቹ ተለይቶ የሚታየው እንዲህ ያለውን ነባር ሥርዓት በመጠየቁ ነው፤ ለዚህ ያገኘው ዋጋም «ጉዱ» የሚል ቅጽል ነው።

ድርሰቱ የሚናገረው ስለ ጥንቱ ጎጃም ብቻ አይደለም። ከገጠር መጥታ በከተማ ቤት እንጀራ የምትጋግር፣ ውኃ የምትቀዳና ሕፃን የምታዝል የ13 ዓመት ልጃገረድ በቤቱ ሰዎች አንደበት «ልጅቷ» ናት። መጠሪያዋ ዝምድና ያስመስላል፤ ከትምህርቱ፣ ከዕረፍቱና ከውርሱ ግን ድርሻ የላትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ከ14 ዓመት በታች፣ እርሱን የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉትን መቅጠር ከልክለዋል። ሁለቱም ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን ሥራ፣ ከተፈጻሚነታቸው ወሰን ውጭ አድርገውታል። ከአባቱ ከብት ኋላ የሚውል እረኛም ተቀጣሪ አይባልም። በዚህ ሁኔታ ሕጉ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ ያቆመውም ከደጃፉ ወዲያ ያለው ሁሉ የቤት ጉዳይ ነው የሚለው አሮጌ ሥዕል ነው።

ቤቱ ሲደኸይ ወይም ሲፈርስ ደግሞ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አነጋገር መጽናኛ ሆኖ ይቀርባል። አባባሉ ለድኻ ወላጅ ተስፋ ለመስጠት የተነገረ መሆኑ አይካድም። እንደ ማኅበራዊ ፖሊሲ ሲመዘን ግን ኃላፊነትን ከሰው ወደ ዕድል ያዛውራል። የወገን ነው የተባለው ልጅ ወገኑ ሲያጣ ማንም የሌለው ሆኖ ይቀራል።

«አካለ መጠን ያላደረሰ»

ሁለተኛው ስም ልጁን የሚለካው ባለው ሳይሆን በጎደለው ነው። አዋቂው መስፈሪያ ነው፤ ልጁ መስፈሪያውን ገና አልሞላም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 18 ዓመት ያልሞላውን ሁሉ በዚህ ስም ጠርቶ አሳዳሪና ሞግዚት አቆመለት፤ ንብረቱ እንዳይባክንበት፣ በውል እንዳይታለል ጠበቀው። የዚህ ጥበቃ ዋጋ ቀላል አይደለም። የሕዝቡ ስድብ እንኳ «አሳዳጊ የበደለው» ሲል ጥፋቱን ከልጁ ይልቅ በአሳዳጊው ላይ ያሳርፋል፤ ሕጉም ይህን ስሜት አንቀጽ አድርጎ አሳዳጊውን በኃላፊነት ያዘው።

ይሁን እንጂ መስፈሪያው ለሁሉም ጉዳይ አንድ አልነበረም። በዚያው ሕግ ወንድ ለጋብቻ 18 ዓመት ሲጠበቅበት ለሴት 15 ዓመት በቂ ነበር፤ ጋብቻው ራሱም ልጅቷን አካለ መጠን ካላደረሱት ተራ ያወጣት ነበር። ስለዚህ መሬት ለመሸጥ አልበሰለችም የተባለችው የ15 ዓመት ልጅ ሚስትና እናት ለመሆን በስላለች ተባለች፤ ያበሰላትም ሠርጉ ነው። በወንጀል ረገድ ደግሞ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ከኃላፊነት ነጻ አድርጎ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው የተለየ እርምጃ ወስኖ፣ 15 ዓመት ያለፈውን ግን ቅጣቱ ሊቀልለት ቢችልም እንደ አዋቂ እንዲዳኝ አደረገ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይህንኑ አከፋፈል አስቀጠለ። ያው የ16 ዓመት ልጅ ለመምረጥና ለመዋዋል ትንሽ፣ ለመቀጣት ግን ትልቅ ሆኖ ይገኛል። ስለሆነም ጉድለቱ ከልጁ አካል ይልቅ በመስፈሪያው ላይ ነው።

ጎደሎ የተባለውን የሚሞላው ደግሞ አርጩሜ ነው የሚል እምነት ከዚሁ ሥዕል ጋር አብሮ ይጓዛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አሳዳሪው ለማነጽ ሲል ቀላል የአካል ቅጣት እንዲቀጣ ይፈቅድ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በትምህርት ቤቶችና ሕፃናትን በሚያሳድጉ ተቋሞች ውስጥ ልጅ በአካሉ ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳለው አወጀ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ቤትን ግን በስም አላነሣም። ሕጉ እንደገና ከደጃፍ ላይ ቆመ።

የኪነ ጥበቡ ድርሻ ይበልጥ የሚጎላው በዚህ በሁለተኛው ሥዕል ላይ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ልጁን ወደ ነገ ያስተላልፈዋል፤ ዛሬ አይበቃም፣ ነገ ይበቃል ይለዋል። በዚህ ስሜት ከተሠሩት ሥራዎች መካከል የአንጋፋው ተዋናይ ተስፋዬ ሣህሉ የልጆች ዝግጅት ልዩ ቦታ አለው። ትውልዶች «አባባ ተስፋዬ» ብለው የሚያውቋቸው እኒህ ባለሙያ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል። ሰላምታቸው ልጆችን የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች ብሎ የሚጠራ ነበር። በአንድ ሰላምታ ውስጥ ሁለት ጊዜያት ተጣምረዋል፤ አበባው የዛሬ ነው፣ ፍሬውም የነገ። የእርሳቸው ታላቅነት ፍሬውን ሲመኙ አበባውን አለመርሳታቸው ነው። ልጆችን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ በልጅ ቋንቋ እየተጫወቱ፣ ለዚያች ሰዓት ደስታ ዋጋ ሰጥተዋል።

ከዚያ ወዲህ ለልጆች ተብለው ከቀረቡት ትርኢቶችና መዝሙሮች ብዙዎቹ ግን ፍሬውን ይዘው አበባውን ጣሉት። በመድረኩ ላይ ልጁ ባንዲራ ይዞ ይቆማል፤ ሐኪም ወይም አብራሪ እንደሚሆን ይናገራል፤ ወላጁንና መምህሩን ያመሰግናል። ሲርበው፣ ሲፈራ፣ ሲቆጣ ወይም ሲጠራጠር ግን አይታይም። እንዲህ ያለው ሥራ ልጅን አይሥልም፤ ቁመቱ ያጠረ አዋቂን ይሥላል። ተመልካቹ ባለሥልጣንም፣ ተመልካቹ መምህርም ከአዳራሹ ሲወጣ ልጅ ማለት የነገ ሐኪም ነው የሚለውን ሐሳብ ይዞ ይወጣል እንጂ ልጅ ማለት ዛሬ የሚያመው ሰው ነው የሚለውን አይዝም።

«ነገ» ብቻውን መለኪያ ሲሆን የሚያስከትለውን ነገር የአገሪቱ የቅርብ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው የሕፃናት ኮሚሽንና በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ያደጉበት የአላጌው ሕፃናት አምባ ወላጅ አልባውን ልጅ ከዘመድ ምጽዋት አውጥተው የመንግሥት ኃላፊነት አድርገውታል፤ ይህም ሊዘነጋ የማይገባው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የአምባው ልጆች የተዘጋጁት ለአንድ ለታሰበ ነገ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ ያ ነገ ሳይመጣ ቀረ፤ ልጆቹ ግን ነበሩ። ልጅን በሚሆነው ነገር ብቻ የሚመዝን ፖሊሲ፣ የታሰበው ሳይሆን ሲቀር ልጁን የሚይዝበት ምክንያት ያጣል። በማይድን ሕመም የተያዘ ልጅ፣ በአእምሮ ዕድገቱ ከእኩዮቹ የዘገየ ልጅ፣ «ፍሬ አያፈራም» የተባለ ልጅ ሁሉ በዚህ መለኪያ ከበጀቱ ዝርዝር ግርጌ ይወድቃል።

«ሕፃን»

ሦስተኛው ስም የተወለደው ከረዥም ዓለም አቀፍ ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 የመንግሥታት ማኅበር የተቀበለውና በእንግሊዛዊቷ ኤግላንታይን ጄብ የተረቀቀው የጄኔቫ መግለጫ የሰው ዘር ለልጅ ሊያደርግ የሚገባውን ዘረዘረ፤ ልጁ በዚያ ሰነድ ውስጥ ተቀባይ ነበር። በ1959 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያወጣው መግለጫ የመብትን ቋንቋ አጠናከረ። በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ደግሞ በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት የማግኘት መብት እንዳለው ደነገገ። ኢትዮጵያ ይህን ኮንቬንሽን በ1991 ተቀበለች። በ1990 የወጣውን የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር ደግሞ በ2002 አጸደቀች። ቻርተሩ ከመብቶቹ ጎን ልጁ ለቤተሰቡና ለማኅበረሰቡ ያለበትን ኃላፊነት በማስፈሩ፣ «ሕፃን» የሚለውን ስም «ልጅ» ከሚለው ጋር ለማስታረቅ ሞክሯል ማለት ይቻላል።

በአማርኛ ግን ስሙ ራሱ ችግር አለበት። በዕለት ተዕለት ንግግር «ሕፃን» የሚባለው በእቅፍ ያለው ወይም ገና መሮጥ የጀመረው ነው። የ17 ዓመት ልጅ «ሕፃን» ሲባል ይስቃል፤ አባቱም ይስቃል። ሳቁ የሚያመለክተው የሕጉ ስም ገና የሕዝብ ስም አለመሆኑን ነው። ሕግ ስም ሊያወጣ ይችላል፤ ስሙን በሰው ልብ የሚያሳድረው ግን ኪነ ጥበብ ነው።

በዚህ ረገድ በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ተጠቃሽ ፊልም ነው። ፊልሙ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በእውን የደረሰን ጉዳይ መሠረት ያደረገ ነው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ገድላ በነፍስ ግድያ ትከሰሳለች፤ የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ጠበቃ ቆመውላት ይከራከራሉ። ይህ ታሪክ የሁለቱን አሮጌ ስሞች ግጭት በአንዲት ልጅ ላይ ያሳያል። ለጠላፊው እርሷ «የእገሌ ልጅ» ናት፤ ልትወሰድ፣ ኋላም በሽማግሌ ልትታረቅ ትችላለች። ለከሳሹ ደግሞ ገዳይ ናት፤ ዕድሜዋ ከጥፋቷ ያነሰ ጉዳይ ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጠላፊዋ ከጠላፊው ጋር በፈቃዷ ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመች በጠለፋው ክስ አይቀርብም ነበር። አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ በሽማግሌና በዘመድ ተከብባ የምትሰጠው «ፈቃድ» ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሆነ ፊልሙ ያለ ብዙ ንግግር ያስረዳል።

የፊልሙ ድክመትም ከጥንካሬው አጠገብ ይገኛል። ታሪኩ እየገፋ በሄደ መጠን ንግግሩም እርምጃውም ወደ ጠበቃዋ ያመዝናል፤ ሂሩት ዝም ትላለች፤ ካሜራው ፊቷን ያሳያል እንጂ ቃሏን እምብዛም አያሰማም። ዝምታዋ የደረሰባትን መከራ ይገልጻል፤ ነገር ግን የልጅን መብት ለማስከበር የቆመ ሥራ እንኳ ክርክሩን ለተከራካሪዋ አሳልፎ መስጠቱ ሦስተኛው ስም ገና በግማሽ መወለዱን ያሳያል። ልጅቷ ዳነች፤ ተናጋሪዋ ግን ሌላ ናት።

የሕጉ ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 አደረገ፤ በከባድ ምክንያት እስከ 2 ዓመት የሚደርስ ቅናሽ እንዲፈቀድ ግን አንድ ቀዳዳ ተወ። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ለጠላፊ መሸሸጊያ የነበረውን የጋብቻ ምክንያት አስቀረ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆኑት ሴቶች 40 በመቶ ያህሉ 18 ዓመት ሳይሞላቸው፣ 14 በመቶ ያህሉም 15 ዓመት ሳይሞላቸው መዳራቸውን አሳይቷል። ከአዋጁ እስከ ጥናቱ 16 ዓመት አልፏል። ይህ ልዩነት የፖሊስና የዳኛ እጥረት ውጤት ብቻ አይደለም። ድህነቱ፣ የትምህርት ቤቱ መራቅ፣ ልጅቷ «ሳትበላሽ» ትዳር ይሻላል የሚለው ስጋት እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። ከሁሉም በስተጀርባ ግን በሠርጉ ዕለት ልጅቷን የሚያይ ዓይን አለ፤ ያ ዓይን የሚያየው አሮጌውን ሥዕል ነው።

ልጅን መስማት በነባሩ ባህል

ልጅን መስማት ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው የሚል ተቃውሞ አልፎ አልፎ ይሰማል። ነባሩ ባህል ግን ለዚህ ምስክር አይሆንም። በእንቆቅልሽ ጨዋታ ጠያቂው ልጅ፣ ተጠያቂው አያት ሊሆኑ ይችላሉ። አያት መልሱን ካጡ «አገር ስጠኝ» ይባላሉ፤ ልጁም ጎንደርን ወይም ሐረርን ተቀብሎ መልሱን ይነግራቸዋል። በዚያ ምሽት ከጥያቄው ፊት ትልቅና ትንሽ የለም። በቡሄ ወንዶቹ ሆያ ሆዬ እያሉ፣ በእንቁጣጣሽ ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ ከደጃፍ ሲቆሙ የሚቀበሉት ሙልሙልና ሳንቲም ምጽዋት አይባልም፤ ድርሻቸው ነው። ባለቤቱም መስጠት እንዳለበት ያውቃል። የሚጎድለው በጨዋታና በበዓል ቀን ለልጅ የተፈቀደው ቃል በሥራ ቀን፣ በችሎት፣ በትምህርት ቤት ስብሰባና በወረዳ በጀት ዝርዝር ላይ አለመፈቀዱ ነው።

ሦስቱ ስሞች አንዱ ሌላውን ሊሽር አይገባም። «ልጅ» የሚለው ስም ፍቅርንና ወገንን ይዟል፤ ያለ እርሱ መብት ብርድ የሚመታው ወረቀት ነው። «አካለ መጠን ያላደረሰ» የሚለው ጥበቃን ይዟል፤ ያለ እርሱ ልጅ ከአዋቂ ጋር ያለ ጋሻ ይጋጠማል። «ሕፃን» የሚለው ግን ሁለቱን የሚያርም ነው፤ ፍቅሩ ስለት እንዳይሆን፣ ጥበቃውም አፍ መዝጊያ እንዳይሆን ይከላከላል። ስለዚህ መምህሩ አርጩሜውን ካስቀመጠ በኋላ ቀጥሎ የሚጠብቀው ሥራ ጥያቄ የሚጠይቅን ተማሪ መታገሥ ነው። የወረዳው ኃላፊ ስለ ልጆች ዕቅድ ሲያወጣ ነገ የሚያፈሩትን ብቻ ሳይሆን ዛሬ የራባቸውን ይቆጥራል። ደራሲውና ተዋናዩ ደግሞ ከሁሉም ቀድመው የሚሠሩት ሥራ አለባቸው፤ በበዛብህ ፋንታ ቃል የሚገቡ ወላጆችን፣ በሂሩት ፋንታ የሚናገሩ ጠበቆችን በሚገባ ሥለዋል፤ የቀራቸው ልጁ ራሱ ጠይቆ አዋቂው መልስ የሚያጣበትን ትዕይንት መጻፍ ነው።